ዝናብ መጥረጊያዬ ሐረጎ ላይ ይቆማል፣ ቆይቶ ደግሞ ይሠራል። ሞተሩን ልቀይር?

ባለ ኮሮላው (ደሴ) | ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 3:10

እንደት ናችሁ ጎበዝ? ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው በዚህ ሰዓት የምጽፈው።

መኪናዬ ኮሮላ ናት፣ 2003 ሞዴል። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በየቀኑ ሐረጎን እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጉሙ ይተኛበታል።

ዛሬ ስመለስ ዳገቱ ላይ ዝናቡ ወረደብኝ። መጥረጊያው መጀመሪያ መጎተት ጀመረ። ሲሄድ ያቃስታል። ከዚያ መስታወቱ መሐል ላይ ቀጥ አለ። ከፊቴ ካለው የጭነት መኪና የኋላ መብራቱ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ እሱም በውሃው ላይ ተዘርግቶ ቀይ ነገር ሆኗል። ቀስ ብዬ ዳር ያዝኩ። ልጄ ከኋላ ነበረች። «አባ፣ ለምን ቆምን?» ስትለኝ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ታገልኩ።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆየን። እስቲ ብዬ ስሞክረው ሠራ። ደሴ እስክገባ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆመ።

ቤት ከመግባቴ በፊት አንድ ጋራዥ ጎራ አልኩ። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ቀይር» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ የወር ደመወዜን ግማሽ ይወስዳል። ልቀይር? ወይስ ሌላ የሚታይ ነገር አለ?

የአባዱላው ሹፌር (ደሴ) | ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 3:32

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ። ሐረጎ ላይ ያለ መጥረጊያ መቅረት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ስለ ሞተሩ የሚያውቁት ይንገሩህ። እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ነገ መኪናዋን አቁማት። በሚኒባስ ውረድ። ነገሩ ሳይታወቅ ልጅ ይዘህ እንዳትሞክራት።

ደግሞ ሌላ ጊዜ እንዲህ ከገጠመህ ኩርባ ላይ አትቁም። ከኋላ የሚመጣው ሰው በጉም ውስጥ አያይህም። አራቱንም ፍሬቻ አብራ፣ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ቀጥ ያለና ሰፋ ያለ ቦታ እስክታገኝ በቀስታ ተሳብ። ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ውጣ። ጥሬ ድንች ለሁለት ቆርጠህ መስታወቱን ብታሸው ውሃው ነጠብጣብ መሥራቱን ትቶ ስስ ሆኖ ይወርዳል። እኔ ሁለት ጊዜ አድርጌው ቀስ ብዬ ገብቼበታለሁ። ግን ከጭንቅ መውጫ ነው እንጂ መፍትሔ ብለህ እንዳትይዘው።

የቦርከና ልጅ | ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 3:50

ፊውዝ ነው ወንድሜ። የእኔም እንዲህ ሆኖ ፊውዙ እየተቃጠለ ሲያስቸግረኝ አንድ ልጅ በመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ይኸው ዓመት ሆነኝ፣ አልቆመም።

ኤሌትሪክ ሠሪው (ኮምቦልቻ) | ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ 12:45

የቦርከና ልጅ፣ ወላሂ ዛሬውኑ አውጣው። በንዴት አይደለም የምነግርህ፣ ስለምፈራልህ ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ፊውዙን በመዳብ ስትተካ ቀጥሎ የሚቀልጠው ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ሥር ያለው የሽቦ እሽግ ነው። እሳት የሚነሳው እዚያ ነው፣ ከጉልበትህ በላይ። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ስንት አምፔር እንደሚል አንብብ፣ ያንኑ ግዛ። የመጥረጊያ ፊውዝ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ባለው ውስጥ ነው። ትክክለኛው ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለብህ የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ አለ፤ ወይም መጥረጊያውን የሚይዘው ነገር አለ። እሱን ፈልግ።

አሁን ወደ ባለ ኮሮላው። አብሽር ወንድሜ። ገንዘብህን ያዝ። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ፍንጩ እዚያው ውስጥ ነው።

«አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሠራ» ብለሃል። ፊውዝ ከተቃጠለ ተቃጠለ ነው፣ ቆይቶ አይመለስም። የተቃጠለ ሞተርም አርፎ አይነሳም። ብዙ የመጥረጊያ ሞተሮች ውስጥ ግን ሙቀት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ ትንሽ መከላከያ አለ። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጎትት ይግላል። መከላከያው ይቆርጣል። ሲበርድ መልሶ ይገናኛል። «ያቃስታል» ያልከውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ሞተርህ ለመሥራት እየታገለ ነው፤ አንድ ነገር አንቆ ይዞታል። አዲስ ሞተር ብትገዛ እሱንም ያንቀዋል። በዓመቱ ደግሞ ሦስተኛ ትገዛለህ።

እኔ ጋ መጥረጊያ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ድምፅ ነው። ማብሪያውን ስትከፍት ሞተሩ እየዞረ ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይ የክንዱ ዳዶ ላልቷል፣ ወይ ሞተሩን ከክንዶቹ የሚያያይዘው ዘንግ ከኳሱ ላይ ወልቋል። አንዱ ክንድ ሠርቶ ሌላው ከቀረም እዚያው ነው። ይህ በዳዶ ማጥበቅ ብቻ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዝ፣ ማብሪያ፣ ማሳ (ወደ ቦዲው የሚሄደው የኔጌቲቭ መስመር)፣ መጨረሻ ላይ ሞተር። እያቃሰተ እየተጎተተ የሚሄድ ከሆነ፣ እንዳንተው፣ መጀመሪያ የሚታየው ዘንጉና ክንዶቹ የሚሽከረከሩበት ምሰሶ ነው።

ለመለየት እንዲህ አድርግ። ከመስታወቱ ሥር ያለውን ጥቁር የፕላስቲክ ወንፊት አውጣ። ከሱ በፊት ክንዶቹን ማውጣት ይኖርብሃል። ክንዱ ያለበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግበት። ዳዶውን ፍታና ክንዱን ግራና ቀኝ እያወዛወዝክ አውጣው፣ በመዶሻ እንዳትመታው። መስታወቱ ላይ ወፍራም ጨርቅ አንጥፍ። ክንዱ በስፕሪንጉ ተመልሶ ቢመታው የፊት መስታወት ትገዛለህ።

ከዚያ ዘንጉን ከሞተሩ ለይና ሞተሩን ብቻውን አስነሳው። ያለ ጭነት በፍጥነት፣ ያለ ማቃሰት ከዞረ ሞተሩ ደህና ነው። ምሰሶዎቹን ደግሞ በእጅህ አዙር። በሁለት ጣት መዞር አለባቸው። ከዚህ በፊት ግን የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል! ሞተሩን ለሙከራ ስታስነሳ ብቻ መልሰው። ያ ዘንግ ጣት ይቆርጣል። አንድ የማውቀው ልጅ የጣቱን ጫፍ አጥቶበታል።

ባለ ኢሱዙ | ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ 2:15

ኤሌትሪክ ሠሪው ትክክል ብሏል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጭነት ሰዎች ይጠቅማል። የእኔ ኢሱዙ 24 ቮልት ናት። ከአሁን በፊት ከገበያ ሞተር ሲገዛልኝ ባለ 12 ቮልት ሰጡን። በመልክ ያው ነው። አንድ ዝናብ እንኳ ሳይጨርስ ጨሰ። የሞተሩ ገላ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ።

የእኔ መጥረጊያ ቀርፋፋ የሆነበት ምክንያት ደግሞ ማሳ ነበር። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው ሽቦ ብሎኑ ሥር ዝጎ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ጠርገነው፣ አጥብቀን አሰርነው፣ በቃ።

ኤሌትሪክ ሠሪው (ኮምቦልቻ) | ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ 2:40

ባለ ኢሱዙ ያነሳኸው ሸጋ ነው። ማሳን በዓይን አታውቀውም፣ ለካው። መጥረጊያው እየሠራ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ ሞተሩ ገላ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርግ። ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ማሳው ችግር አለበት። «ሞተር ቀይሩ» የተባሉ ስንት ሰዎች በዚህ ብቻ ድነው ሄደዋል!

ባለ ቪትዟ (ደሴ፣ ሆጤ) | ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 7:20

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መሐል ገባሁ። የእኔ መጥረጊያ ይሠራል። ግን ሲወጣ ደህና ነው፣ ሲመለስ ብቻ እየዘለለ «ጥርርር» ይላል። ጎማውን ቀይሬ ሳምንት አልሞላኝም። አዲሱም ያው ነው። ማታ የሚመጣ መብራት ሁሉ መስታወቱ ላይ ይበተንብኛል።

ጡረተኛው መካኒክ | ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 9:05

ልጄ፣ ባንድ በኩል ብቻ የሚዘል ከሆነ ጎማውን ተይው። ክንዱን እዪው። ክንዱ ተጣሞ ይሆናል። መኪና እጥበት ላይ ጨርቅ ሲስቡበት ይጣመማል።

መጥረጊያውን መስታወቱ መሐል ላይ አስቁሚው። ከጎን ጎንበስ ብለሽ የጎማውን ምላስ ተመልከቺ። ከመስታወቱ ጋር ቀጥ ብሎ፣ እንደ ቆመ ሰው መሆን አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አንዱን ጉዞ እየተጎተተ ይጠርጋል፣ ሌላውን እየተገፋ ይዘላል። ሰው አስይዥና የክንዱን ጫፍ በቁልፍ በጣም በትንሹ አጣሚው። ትንሽ፣ ከዚያ ሙከራ። አንዴ ብዙ ካጣመምሽው መመለሱ ከባድ ነው።

መብራቱ የሚበተነው ግን በመስታወቱ ላይ ባለ ቅባት ነው። ከጭነት መኪና ኋላ ስንሄድ የናፍጣው ጭስ ይለጠፍበታል። እጥበት ላይ የሚቀቡት ማብረቂያም አለ። በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ደኅና አድርገሽ እሺው፣ ከዚያ በብዙ ውሃ። ጎማውንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ ጥቁሩ እስኪቀንስ። በቤንዚንና በናፍጣ ግን ጎማ እንዳታጠቢ። ጎማው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርፁን ያጣል።

ሌላው፣ ደረቅ አቧራ ላይ መጥረጊያ አትክፈቺ። የበጋው አቧራ አሸዋ ነው። መስታወቱን በግማሽ ክብ ይጭረዋል፤ ያ ጭረት ደግሞ አይወጣም። መጀመሪያ ውሃ ርጪ። ውሃው የማይረጭ ከሆነ አፉን በቀጭን መርፌ ክፈቺው። ስትጫኚው የፓምፑ ድምፅ ከተሰማ ተዘግቷል ማለት ነው፣ ካልተሰማ ፓምፑን ወይ ፊውዙን።

ባለ ቪትዟ (ደሴ፣ ሆጤ) | ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 1:30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ይዞልኝ አየነው። ወደ ታች አዘንብሏል፣ ልክ እንዳሉት። በትንሹ አቃናነው። መዝለሉ ቆሟል! መስታወቱን ነገ አጥበዋለሁ።

ባለ ኮሮላው (ደሴ) | ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 10:00

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ግቢ ውስጥ ከፈትኩት። ምን እንዳገኘሁ ልንገራችሁ።

ክንዶቹን አወጣሁ። የሹፌሩ በኩል አልወጣ ብሎ ግማሽ ሰዓት ታግሎኛል። ወንፊቱን ሳነሳ ሥሩ ቅጠል ሞልቶታል። ባሕር ዛፍ። ቤታችን ጦሳ ተራራ ሥር ነው፣ መኪናዋ የምታድረው ባሕር ዛፍ ሥር። የስንት ዓመት ቅጠል እንደሆነ እንጃ፣ በስብሶ አፈር ሆኗል። ሁለት እፍኝ፣ ሦስት እፍኝ... ባልዲ ሞላ። ሥሩ ውሃ አቁሯል። ዝናብ ካቆመ ግማሽ ቀን አልፎት ነበር፣ ውሃው ግን እዚያው ነው።

ዘንጉን ከሞተሩ ለይቼ ሞተሩን አስነሳሁት። እንደ ንብ ነው የዞረው! ኤሌትሪክ ሠሪው፣ እውነትህን ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም።

የተሳፋሪው በኩል ምሰሶ በሁለት ጣት ዞረ። የሹፌሩ በኩል በፒንሳ ይዤ በሁለት እጅ ነው ያንቀሳቀስኩት። ዝጎ ተጣብቋል። በማረፊያው ውስጥ ያለው ግሪስ ቀይ አቧራ ሆኗል።

አሁን ናፍጣ ነክሬዋለሁ። እንዲህ አድሮ ይላቀቃል? ወይስ ሙሉውን ልቀይር?

ኤሌትሪክ ሠሪው (ኮምቦልቻ) | ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 10:25

አልሐምዱሊላህ! አሁን በሽታው ታወቀ። የውሃ መውረጃዎቹን ግን ሳትከፍት ወንፊቱን እንዳትመልስ። በሁለቱም ጫፍ፣ ከመስታወቱ ግራና ቀኝ ወደ ታች የሚወርዱ ቀዳዳዎች አሉ። ቀጭን ሽቦ ስደድባቸው፣ ከዚያ አንድ ጆግ ውሃ አፍስስ። ከፊት ጎማው ኋላ ወደ መሬት መውረድ አለበት። እዚያ ውሃ ከተቋጠረ ምሰሶውን ያዝገዋል፣ ሞተሩን ያሰጥመዋል፣ ሲብስም ወደ እግር ማሳረፊያው ይገባል። ምንጣፍህ በክረምት የሚርስ ከሆነ ምክንያቱ ይኼው ሊሆን ይችላል።

ጡረተኛው መካኒክ | ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 11:10

ናፍጣ ነክረህ አሳድረው፣ ጥሩ ነው። ጠዋት ግራና ቀኝ እያልክ አላውሰው፤ አትገንጥለው። ምሰሶው አናት ላይ ትንሽ የብረት መቆለፊያ ቀለበት አለች። እሷን በካቻቢቴ አውጥተህ ምሰሶውን ወደ ታች ሳበው። እንዳትጠፋብህ ጨርቅ ሸፍንባት፣ ትፈናጠራለች። ምሰሶውን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጥራው፣ ቀዳዳውንም። ናፍጣውን ሙልጭ አድርገህ ጥረግ። ከዚያ ወፍራም ግሪስ ቀብተህ መልሰው። ናፍጣ ዝገት ያላቅቃል እንጂ የግሪስን ሥራ አይሠራም፤ ናፍጣውን ትተህበት ከሄድክ በወሩ ያው ነው።

ምሰሶው በማረፊያው ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ተበልቷል። ያኔ ዘንጉን ከነምሰሶው ለውጥ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ታገኛለህ። እዚያው በእጅህ አዙረህ ሳታይ እንዳትገዛ።

ባለ ኮሮላው (ደሴ) | ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 8:40

እንዳላችሁኝ አደረግኩ። ምሰሶው ወጣ። ጥቁርና ቀይ ዝገት ነበረው። አጠራሁት፣ አይወዛወዝም፣ ግሪስ ቀባሁት። አሁን በአንድ ጣት ይዞራል። የግራው ውሃ መውረጃ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ነበር። ውሃውን ሳፈስ መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ ነው የወረደው።

ግን ሌላ ነገር መጣ። ክንዶቹን መልሼ አስነሳሁት። ፍጥነቱ ግሩም ነው፣ አያቃስትም። ስዘጋው ግን ክንዶቹ ታች አይተኙም፣ መስታወቱ መሐል ቆመው ይቀራሉ። የሆነ ነገር ሰበርኩ?

ኤሌትሪክ ሠሪው (ኮምቦልቻ) | ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 9:00

የሰበርከው የለም፣ አብሽር። ሁልጊዜ እዚያው አንድ ቦታ ነው የሚቆሙት? ወይስ በዘጋህበት?

ባለ ኮሮላው (ደሴ) | ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 9:04

ሁልጊዜ አንድ ቦታ።

ኤሌትሪክ ሠሪው (ኮምቦልቻ) | ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 9:15

በቃ ክንዶቹን ያሰርከው ሞተሩ ማረፊያው ላይ ሳይሆን ነው። ሞተሩ የራሱን ማረፊያ ያውቃል፤ ውስጡ ያለው ጥርስ ላይ የተሠራ መቁረጫ አለው። ክንዶቹን አውጣ። ማብሪያውን ከፍተህ ዝጋው፣ ሞተሩ ራሱ ሄዶ ይቆም። ከቆመ በኋላ ክንዶቹን በፕላስተር ምልክትህ ላይ ግጠማቸው፣ ዳዶውን አጥብቅ።

በዘጋህበት የሚቆም ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። ያኔ መቁረጫው ቆሽሿል፣ ወይ ማብሪያው ቢዘጋም ከፊውዙ ወደ ሞተሩ ኤሌትሪክ የሚያመጣው ሽቦ ተቋርጧል።

ባለ ኮሮላው (ደሴ) | ሐምሌ 17፣ ከምሽቱ 2:20

ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታ። ሳልሞክረው «ዳነ» ማለት አልፈለግኩም።

ክንዶቹን እንዳልከኝ ገጠምኩ። ታች ተኝተው ይቆማሉ። እሑድ ማታ ግቢ ውስጥ በጎማ ቱቦ ውሃ እያፈሰስኩ ግማሽ ሰዓት አሠራሁት። ሞተሩን በእጄ ስነካው ለብ ከማለት አላለፈም። ሰኞ ብቻዬን ወረድኩ። ዝናብ የለም። ማክሰኞም የለም።

ዛሬ ከኮምቦልቻ ስወጣ ሐረጎ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘኝ። ጉምም ነበር። መጥረጊያው አንዴም አልቆመም። የዚያን ዕለት የቆምኩበት ቦታ ስደርስ ፍጥነቴን ቀንሼ አልፌዋለሁ።

መኪናዋን ከባሕር ዛፉ ሥር አውጥቼ ወደ በሩ በኩል አስጠግቻታለሁ። ጋሼ፣ የቦርከና ልጅ፣ ባለ ኢሱዙ፣ የአባዱላው ወንድሜ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኤሌትሪክ ሠሪው፣ ኮምቦልቻ የት ሰፈር እንደሆንክ በግል ጻፍልኝ። መጥቼ ማሳውን እንድትለካልኝ እፈልጋለሁ፣ ቴስተር የለኝም።

የቦርከና ልጅ | ሐምሌ 17፣ ከምሽቱ 2:45

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። እኔም የመዳቡን ሽቦ አውጥቼዋለሁ። ባለ 25 አምፔር ነው የሚለው ክዳኑ፣ ያንኑ ገዛሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ተቃጠለ። ሽቦውን ሳይ በኮፈኑ ማጠፊያ በኩል ተላጧል፣ ብረቱን ይነካል። በምን ልጠቅልለው?

ኤሌትሪክ ሠሪው (ኮምቦልቻ) | ሐምሌ 17፣ ከምሽቱ 3:00

እስክትጠግነው ፊውዙን አውጥተህ አስቀምጥ። የተላጠው ጥቂት ክሮቹ የተበጠሱ ከሆነ ቁረጠውና በእርሳስ ብየዳ (ሶልደር) ቀጥለው፣ ከዚያ በሙቀት የሚጠብ ቱቦ አልብሰው። ክሩ ካልተበጠሰ የኤሌትሪክ ፕላስተር ይበቃል። ዋናው ግን መሄጃውን መቀየር ነው፤ ማጠፊያው እንዳይነካው በሌላ በኩል አዙረህ እሰረው። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ።